ትንሹ መረብ

ማለዳ ነው፤ አሞራ ገደል፤ ሐይቁ ገና አልነቃ፤
አባ ኮዳ ከጀልባው ጥግ፣ እንደ ፍርድ ቤት ጠበቃ
ጥቁር ካባውን ደርቦ፣ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል።
ዳንጊሶ ግን ቀና አይልም፤
መረቡ ሌሊት ተወሳስቦ፣ ቋጠሮ በጥርሱ ይፈታል።

እኔ ደግሞ የማስተምረው፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ከወዲያ፣
ስለማይታዩ መረቦች ነው፤ ክርም የላቸው ገበያ።
አንዱ ክር እውነት ያመጣል፣ ሌላው ሐሰት ይዞ ይገባል፣
ቋጠሮው ላይ ይገጥሙና አንድ ፍርድ ብቻ ይወጣል፤
ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ፣ ጥያቄው ቁልቁል ይወርዳል፣
የመጨረሻዋ ቋጠሮ ላይ «አዎ» ወይ «አይ» ይወለዳል።

ሰው ሲያገኘኝ «ፈጣን ኮምፒውተር ሠራሽ ወይ?» ይለኛል።
አልሠራሁም።
የእኔ ጣጣ ሌላ ነው፤
ለዚህ ዓሣ፣ ለዚህ ጥያቄ፣ ስንት ቋጠሮ ይበቃል?
መቶ ይይዘዋል? ወይስ ሚሊዮኑንም ይንቃል?
መረብ ሠርቶ ማሳየትማ ብልህ እጅ ያለው ይችላል።
«ከዚህ ያነሰ የለም» ማለት ግን
ስላልተሠሩት መረቦች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ መመስከር ነው፤
ያላየሁትን።

ልጆች ሳለን፣ መብራት ሲጠፋ፣ ከነሽታዬ ጋራ፣
«እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» ስንባባል በየተራ፣
መልሱን ፍለጋው ምሽቱን ሙሉ ይፈጃል፤
ሲነግሩን ግን «ለካ!» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል።
በመፈለግና በማመን መሀል ያለው ገደል እውን ነው?
ወይስ ድልድዩ እዚያው ቆሞ፣ እኛ ነን ዞረን ያለፍነው?
ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው፣ የሚመልስ ሰው ታጥቶ፤
«አገር ስጡኝ» ይላል ጠያቂው፤ ያልሰጠ ማን አለ ከቶ?
ጎንደርን ሰጠን፣ ሐረርን፣ ጅማን፣ ባለፈው አዳማንም፤
ሐዋሳ ብቻ ቀርታኛለች፤ እሷን ግን አልሰጥም።
ደግሞስ አገር ተቀብሎ
መልሱን የማይናገር ጠያቂ የት አገር አለ?

ይባስ ብሎ ሊቃውንቱ አንድ ነገር አረጋገጡ፤
የያዝናቸው መዶሻዎች ይህን ዓለት እንደማይፈልጡ።
መዶሻው አልሠራም፤ እንደማይሠራ ማስረጃው ግን ሠራ።
ይህን ያነበብኩ ቀን ሳቅሁ። ማታ ላይ ሳቁ ለቀቀኝ።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር አለ፤ ጥያቄው ወደ ራሱ ዞረ፤
«ይህ ነገር ምን ያህል ይከብዳል?» ሲል የኖረው ሁሉ
«ክብደቱን ማወቅስ ምን ያህል ይከብዳል?» ማለት ጀመረ።
ሚዛኑ ሚዛን ላይ ወጣ።
ከዚያ ሥር፣ ይላሉ፣ የምሥጢር ሁሉ መሠረት ሳይኖር አይቀርም፤
ዳንጊሶ ቆሮሶ ሸጦ በስልኩ የሚቀበላት ብር፣
አራቱ የይለፍ ቁጥሮቹ (የልጁ የልደት ዓመት ናቸው፣ አውቃለሁ)።

ዛሬ እንግዲህ ጠየቅሁት፤
«በትንሽ ቋጠሮ፣ ከዚህ ባነሰ፣ ይህንኑ መያዝ አይቻልም?»
«አባቴ ሞክሯል» አለ። «ቀዳዳውን አሰፋው፤
ቆሮሶው እየሳቀ አለፈ፤ አምባዛ ብቻ ቀረው።»
«ሌላ አሠራርስ? ማንም ያላሰበው?»
ክሩን ከጥርሱ አወጣ። ሐይቁን አየ። ታቦር ተራራን አየ።
«ያልታሰበውን» አለኝ፣ «እኔ በምኔ ልከልክለው?»

እኔም እኮ። እኔም እኮ በምኔ።

ጫፉን ሰጠኝ። «ያዥልኝ፣ ሳትጎትቺ።»
ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ነበረኝ። ሁለት ከሩብ ሆነ።
ተማሪዎቼ የትናንቱን ሥዕል ሰሌዳው ላይ እያዩ ይሆናል፤
እኔ ክር ይዣለሁ፣ እርጥብ፣ ዓሣ ዓሣ የሚል፤
አባ ኮዳ ክርክሩን የጨረሰ ይመስል
ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ።